አንድ ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ ዕዳውን መቼ ይጨርሳል?

ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አስፋልቱ ዳር ቁሙ። ከኮንዶሚኒየሙ በኩል የሚመጣው ሰው አብዛኛው ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ የሥራ ጫማ አለ። እግሩ ላይ ያለው ቦቲ ነው። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፤ ቦቲውን አውልቆ ጫማውን ያጠልቃል። ከዚያ ጭቃ የለበሰውን ቦቲ በዚያው ፌስታል ጠቅልሎ ሱቅ ያስቀምጣል። ባለሱቋ የትኛው ቦቲ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ማታ እንደገና ይለወጣል።

እኔም እዚያ ድንጋይ ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ መሃል ከተማው ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አይተናል። ስለ እነዚህ መንገዶች ሲወራ ሁሌም አንድ ነገር ይነሳል፦ «ለአካባቢ ጥበቃ ይጠቅማል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ግን በምን በኩል? ስንት? ከተማው ዳር ላይ ስንኖርስ ሒሳቡ ያው ነው? ይህን ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የእግረኛ መንገድ በራሱ አየር አያጸዳም። ሲሚንቶና ድንጋይ ነው። ጥቅሙ ያለው ሳይደረግ በቀረው የሞተር ጉዞ ላይ ነው። አንድ ሰው ባጃጅ ሊይዝ አስቦ በእግሩ ከሄደ፣ ያ ባጃጅ ሊያቃጥል የነበረው ቤንዚን ሳይቃጠል ይቀራል። ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ቢመዘን ከ750 ግራም ትንሽ ያንሳል። ሲቃጠል ግን ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ ወደ 2.7 ኪሎ። ሰው መጀመሪያ ሲሰማው አያምንም፤ እንዴት ከገባው የወጣው ይበልጣል? ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክስጅን ይይዛል። አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ኦክስጅን ደግሞ ከካርቦን ይከብዳል። ተጨማሪው ክብደት ከአየሩ የተወሰደ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ለርዝመቱ ሲታሰብ ከሁሉም አብዝቶ አየር የሚበክለው ጉዞ አጭሩ ነው። መኪና ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚሠራው ሲግል ነው፤ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ከብሎኩ ተነስቶ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና፣ ማጣሪያው ሳይግልለት ጉዞው ያልቃል። ከዚያ ላይ የከተማችንን ከፍታ ጨምሩበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት ሩብ ያህል ነው። ያረጀ የናፍጣ ሞተር በቂ ኦክስጅን ሲያጣ ያልተቃጠለውን ጥቀርሻ አድርጎ ይተፋዋል። ከኋላው ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ያንን ይተነፍሳል።

በእግርና በብስክሌት የሚተኩት ጉዞዎች ደግሞ እነዚሁ አጫጭሮቹ ናቸው። ከቱሉ ዲምቱ ፒያሳ በእግሩ የሚሄድ የለም። ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ጤና ጣቢያው ግን ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአውሮፓ ከተሞች የብስክሌት መንገድ ሲሠሩ ዓላማቸው ባለመኪናውን ከመኪናው ማስወረድ ነው። የእኛ ጉዳይ ተቃራኒ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ማለትም አብዛኛው ነዋሪ ዛሬም፣ ማንም ሳይመክረው፣ አየሩን ሳይበክል ነው የሚንቀሳቀሰው። ከተማው ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ዋና ሥራ አዲስ እግረኛ መፍጠር አይደለም። ያለውን እግረኛ እንዳያጣ ማድረግ ነው።

አንዲት እናት ጎረቤቴ ናቸው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። አንድ ክረምት ጭቃው ላይ ወደቁ። «ልጄ፣ አስመረረኝ፤ ከእንግዲህ ባጃጅ ነው» አሉኝ። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ደረቀ። እሳቸው ግን ወደ እግር አልተመለሱም። ባጃጁ ደጃቸው ይመጣላቸዋል፤ ለምደውታል። እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰው እግሩን የሚተወው በአንድ መጥፎ ቀን ነው፤ ለመመለስ ግን ብዙ ጥሩ ቀን ይፈልጋል። ልጆቻቸው ደግሞ ከባጃጁ ቀጥሎ የሚያስቡት መኪና ነው።

ስለዚህ የእኛን መንገድ ጥቅም በ«ስንት መኪና ቀነሰ» ብቻ ብንለካው እንሳሳታለን። ትልቁ ቁጥር ሳይጨመር የቀረው ነው። ይህ ቁጥር ፎቶ አይነሳም፣ ሪፖርት ላይም አያምርም። አለ ግን።

አቧራውንም አንርሳ። ባለሙያዎች በጣም የሚፈሩት ፒኤም 2.5 የሚሉትን ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ሃያ ምናምን ጊዜ የቀጠነ ነው። አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም፤ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጆች ባወጣው መመሪያ፣ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም ባይበልጥ ይመክራል። ይህ ብናኝ ከጭስ ብቻ አይመጣም። ከጎማና ከፍሬን ሸራ መፋቅ ይመጣል፤ መኪና ከሚያስነሳው የመንገድ አቧራም የተወሰነው እዚህ ውስጥ ይገባል። ዳር ሰፈር ላይ ታኅሣሥና ጥር ሲደርስ ይህ ጎልቶ ይታያል። አንድ ሲኖትራክ ባልተነጠፈ መንገድ ሲያልፍ ልብስ ያሰጣ ሁሉ ይሮጣል። የመንገዱ ዳርና ዳር ተነጥፎ፣ መሃሉ አስፋልት ሆኖ፣ ቀሪው አፈር ሣርና ዛፍ ሲለብስ የሚነሳው አቧራ ይቀንሳል። እንደ እኔ ለዳር ሰፈር ነዋሪ ጤና፣ ከካርቦኑ ይልቅ ቶሎ የሚሰማው ጥቅም ይሄ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገቢው ነው። አሁን ወጪውን እንይ፤ ምክንያቱም መንገዱ ሲወለድ ዕዳ ይዞ ነው የሚወለደው።

ሁለት ሜትር ስፋት፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር የኮንክሪት የእግረኛ መንገድ እናስብ። ይህ 200 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 3 ኩንታል ሲሚንቶ ብንይዝ፣ 600 ኩንታል ይሆናል። በከረጢት 1,200 ከረጢት። ሲሚንቶ ደግሞ ሲመረት ብዙ ካርቦን ያወጣል። ምድጃው በሚያቃጥለው ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ሲሚንቶው የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ራሱ ይተነፍሳል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲጋል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብታሞቁት እንኳ ያ 44 ኪሎ አይቀርም። ነዳጁን ጨምረን ለአንድ ቶን ሲሚንቶ 750 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብንይዝ፣ 60 ቶን ሲሚንቶ 45 ቶን ያወጣል። የአሸዋና የጠጠር መጓጓዣውን ገና አልቆጠርንም።

45 ቶኑን ማን ይከፍላል? በእግር የሚሄደው ሰው። አንድ ባጃጅ በአንድ ሊትር ቤንዚን 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 77 ግራም ያወጣል ማለት ነው። 45 ቶን ለ77 ግራም ሲካፈል 584,000 የአንድ ኪሎ ሜትር የባጃጅ ጉዞ ይመጣል። መንገዱ በቀን 300 የባጃጅ ጉዞ ካስቀረ፣ ዕዳው የሚያልቀው ከ5 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያስቀረው የቤት መኪና ጉዞ ከሆነ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ መኪና በኪሎ ሜትር 230 ግራም ያወጣል። በቀን 200 እንዲህ ያለ ጉዞ ቢቀር ከ2 ዓመት ተኩል ትንሽ አልፎ ያልቃል። ሒሳቡ የኔ ነው፤ የባጃጁንና የመኪናውን ቁጥር በሰፈራችሁ ልክ ቀይሩና ሞክሩት። መልሱ ቢለዋወጥም በአብዛኛው ከወራት ይልቅ በዓመታት የሚቆጠር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ ነገር ያለው። ያ መንገድ 20 ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው፤ ዕዳውን ከፍሎ ብዙ ያተርፋል። እኛ ሰፈር አጠገብ ግን የተነጠፈ መንገድ ሁለት ክረምት ሳያይ ሲቆፈር አይቻለሁ። አንዱ ለቧንቧ ይመጣል። ሌላው ለኬብል ይመጣል። ሦስተኛው ፍሳሽ ሊያስገባ ይመጣል። ቆፋሪው አፈሩን መልሶ ይሄዳል፤ ኮንክሪቱ ግን ተሰብሯል። ሌላ ሲሚንቶ፣ ሌላ ካርቦን። የመጀመሪያው ዕዳ ሳያልቅ ሁለተኛው ተጨመረ። ያ መንገድ በጠቅላላ ሕይወቱ አየሩን ከጠቀመው የጎዳው ሊበልጥ ይችላል። አካባቢን እንጠብቃለን የሚል ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?» አይደለም። «ከሥሩ የሚያልፈው ሁሉ ገብቷል ወይ?» ነው።

ዳር ላይ ሌላም ጠላት አለ፦ አፈሩ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ከኮረብታው ሥር ያለው ሜዳ ግን ጥቁር ዋልካ ነው። አቃቂም፣ ገላንም፣ ብዙው ደቡብ ዳርቻ እንዲሁ። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በላዩ ላይ ዝም ብላችሁ ኮንክሪት ካፈሰሳችሁ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል፤ በጥቂት ዓመት ይሰባበራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ዋልካው ተቆርጦ ይወጣል፣ ገረጋንቲ ይሞላና ይጠቀጠቃል፣ ውሃው የሚሄድበት ቦይ ይበጅለታል። ይህ ወጪ ያስጨምራል፤ ሲቀነስም ከላይ አይታይም። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚቀነሰው።

ስለ ኮብልስቶን ጥሩ ነገር ልናገር። ብዙ ሰው የድሃ መንገድ አድርጎ ያየዋል። ከካርቦን አንጻር ግን ጎበዝ ነው። ድንጋዩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በመሮና በመዶሻ፣ በሰው እጅ ይጠረባል። አሸዋ ላይ ይደረደራል። ከዳር ካለው ማሰሪያ በስተቀር ሲሚንቶ ብዙም አያስፈልገውም። ቧንቧ ሲመጣ ይነሳል፣ ቧንቧው ሲገባ ያው ድንጋይ ይመለሳል። በመሃሉ ባለው ክፍተት ዝናቡ የተወሰነው ወደ መሬት ይሰርጋል። ጉድለቱ ለጎማ ነው። በብስክሌት ስትሄዱበት አጥንት ይንቀጠቀጣል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ይቸገራሉ። እኔ ብጠየቅ ውስጥ ለውስጥ ሰፈሩን በኮብልስቶን አደርጋለሁ፤ ዳሩ ላይ ግን ፊቱ ለስላሳ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ለአንድ ጋሪ የሚበቃ ስፋት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ አስነጥፋለሁ።

ውሃውን አነሳሁ፤ እሱን ልጨርስ። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ቅድም ያሰብነው አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ 2,000 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ከባድ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 60,000 ሊትር ውሃ መጣበት። ባለ 10,000 ሊትር ስድስት ቦቴ ነው። ቀድሞ መሬቱ የተወሰነውን ይጠጣው ነበር። አሁን ወዴት ይሂድ? ቦዩ ከጠበበ ወይም በፕላስቲክ ከተደፈነ ከታች ያለ ሰው ቤት ይገባል። ቦዩ ውሃውን ከቻለው ደግሞ የመንገዱን ዘይትና ቆሻሻ ጠርጎ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወስደዋል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው ደግሞ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣ ነው። መሬቱን በሙሉ በኮንክሪት ከሸፈንነው፣ ከታች የምንቀዳውን ከላይ ዘጋነው ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመንገዱና በአስፋልቱ መካከል አንድ ሜትር ያህል አፈር ይተው፣ ዛፍ ይተከልበት፣ የመንገዱ ተዳፋት ወደ አፈሩ ይሁን። ዛፉ ውሃውን ይጠጣል፣ አቧራውን ይይዛል፣ በጋ ላይ ጥላ ይሰጣል። ዋልካው ላይ ሥር እየሰደደ መንገዱን እንዳያነሳው ዓይነቱ ይመረጥ እንጂ።

ብስክሌት ላይ ሰዎች «ከተማችን ዳገት ናት» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። ሰሜኑ ያስለፋል። ደቡቡን ግን ተመልከቱት፤ ጀሞ፣ ለቡ፣ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ አብዛኛው ሜዳ ነው። አዳዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞችም ብዙዎቹ በዚህ በኩል ናቸው። ብስክሌት እዚህ ሥራው መሃል ከተማ መድረስ አይደለም። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ አውቶቡስ ጋ መድረስ ነው። እግረኛ 40 ደቂቃ የሚፈጅበትን ብስክሌት በ12 ደቂቃ ያደርሰዋል። ብስክሌቱ ሲመረትም ከ100 እስከ 200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚያስወጣው፤ መኪና ብዙ ቶን።

የሚያግደን ዳገቱ አይደለም፤ ማቆሚያው ነው። የእኛ ብሎክ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ ወጣት በየቀኑ ማታ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ጭኖ ደረጃ ይወጣል፤ ታች ካደረ ይሰረቃል። ጠዋት አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ የሚያስርበት ብረት የለም። አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ጥበቃ ያለው፣ ለአምሳ ብስክሌት የሚበቃ መጠለያ ቢኖር ከብዙ ኪሎ ሜትር የተቀባ መስመር የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። መብራትም እንዲሁ ነው። ማታ ጨለማ የሆነ መንገድ፣ ጠዋት ብርሃን ቢሆንም ባዶ ነው። አመሻሹ ላይ በምን እመለሳለሁ ብላ የምታስብ ሴት ጠዋቱን ባጃጅ ትይዛለች።

«ሁሉም ኤሌክትሪክ ሊሆን አይደል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መንግሥት ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። መብራታችን ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ አገር ከብዙ አገር ይልቅ ንጹሕ ነው። ባጃጆቹም ሲለወጡ፣ የእግረኛ መንገዱ የሚያስቀረው ካርቦን እያነሰ ይሄዳል። ይህን መካድ የለብንም። ለዚህም ነው ዕዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መከፈል ያለበት። ግን ኤሌክትሪክ መኪናም ጎማ አለው፣ አቧራ ያስነሳል፣ ቦታ ይበላል። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አንድ የመንገድ መስመር በቤት መኪና በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። በብስክሌት እስከ 7,500፣ በእግር እስከ 9,000። መኪናውን ለማሳለፍ መንገድ ማስፋት ሲመጣ ደግሞ ወደ ሌላ አስፋልት፣ ወደ ሌላ የተቆረጠ ዛፍ ነው የምንመለሰው።

ባለፈው ሳምንት ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ካስማ ተተክሎ ክር ተወጠረ። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። እናት ጎረቤቴም ነጠላቸውን አደግድገው ወረዱ። ፎርማኑን ጠሩትና «ልጄ፣ የውሃው ቧንቧ የሚቀበረው ከዚህ በፊት ነው፣ ከዚህ በኋላ?» አሉት። እሱም «ከዚህ በፊት ነው፣ እማማ፤ ሰኞ እሱ ይጀመራል» አላቸው። ዋልካውስ ይወጣል ወይ አልኩት እኔ። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል አለ። ለዛፍ የሚተው ቦታ ግን ፕላኑ ላይ የለም። የብሎኩ ኮሚቴ ደብዳቤ አርቅቋል፤ ቦዩ ሳይቆፈር እንዲደርስ ነገ ጠዋት ይዘነው እንሄዳለን።